ባትሪውን ማን ይፍታው?

የእህቴ ልጅ አምና የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። «እንኳን ደስ ያለህ» ልለው ሄጄ ግቢው ውስጥ አብረን ገብተን ተቀመጥንባት። ድምፅ የላት፣ ጭስ የላት፣ የማደያ ሰልፍ አታውቅ። የኔ ዘመን ሰው መኪና ሲያይ ቦኔት ማስከፈት ይወዳልና «ባትሪው የታለ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ የተቀመጡት እሱ ላይ ነው» አለኝ እየሳቀ። «ከወለሉ ሥር ከዳር እስከ ዳር ተነጥፏል።»

«የሞተ ዕለትስ?»

«የስምንት ዓመት ዋስትና አለው።»

«ዋስትናውን የሰጠው ማን ነው?»

«ፋብሪካው ነዋ! ቻይና ያለው።»

«አንተ የገዛኸውስ ከማን ነው?»

«ከነጋዴ» አለና ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ እንደ ቀልድ «ያኔ እንግዲህ ለቆራሌው እንሸጠዋለን» ብሎ ወሬውን ዘጋው።

እሱ ዘጋው እንጂ እኔ ይዤው ቤቴ ገባሁ። በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ስሰማ ወጣሁና ልጁን አስቆምኩት። የመኪና ባትሪ ትገዛለህ? ይገዛል፤ በኪሎ። የተሰነጠቀም? የተሰነጠቀም። አሲዱ የፈሰሰም? እንዲያውም አሲዱ ከፈሰሰ ለመሸከም ይቀላል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪስ? ጆንያውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና «እሱን አንነካም አባባ፣ ይፈነዳል ይላሉ። ደግሞስ ማን ይፈታዋል?» አለኝ።

ማን ይፈታዋል? በአማርኛ መፍታት ትልቅ ቃል ነው። ነፍስ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ትዳር ይፈታል፣ እስረኛም ይፈታል። ዕቃ ሲፈታ ግን ታሪኩን የሚጽፍለት የለም። ባትሪን ማን እንደገጠመው በየመጽሐፉ አለ። ማን እንደፈታው፣ ሲፈታውም ምን እንደደረሰበት ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን ከጀርባው ልጀምረው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ የኛው ሲሆን እነግራችኋለሁ።

እኛ ልጆች ሳለን «ባትሪ» ማለት የእጅ መብራቱ ነበር። ውስጡ የሚገባው ደግሞ «የባትሪ ድንጋይ» ይባላል። ሬዲዮናችን ስድስት ድንጋይ ትበላ ስለነበር አባቴ ዜናውን ሰምቶ ቀጭ ያደርጋታል፤ ዘፈን ማዳመጥ ድንጋይ ማባከን ነው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በጥርስ ይነከሳል፣ አንዳንዱ ቤትም ፍም አጠገብ ይሞቃል። እውነትም ለአንድ ሁለት ምሽት ነፍስ ይዘራል። ይህ ሁሉ ተሞክሮ የሞተው ሞቶ ሲጣል ወደ እኛ ወደ ልጆቹ ይመጣል።

እኛም እንፈታዋለን፤ ድንጋዩን በድንጋይ። ውጪው ቆርቆሮ ነው፣ ከሥሩ ግራጫ ዚንክ፣ መሐሉ ጥቁር ዱቄት፣ እምብርቱ ላይ ጥቁር ዘንግ። በዘንጉ ግድግዳ ላይ እንጽፍበታለን። ዱቄቱ ግን የትምህርት ቤት ነው። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ መምህራችን «የሞተ የባትሪ ድንጋይ ሁለት ሁለት ይዛችሁ ኑ» ይሉናል፤ ዱቄቱ በቅጠል ጭማቂ ይለወስና ተማሪ ሁሉ ተረባርቦ ሰሌዳውን ያጠቁራል። በገጠር ከተማ የተማረ የኔ ዕድሜ ሰው ካገኛችሁ ጠይቁት፤ ሀ ሁ የተጻፈለት በባትሪ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ «ሪሳይክሊንግ» የሚሉትን ያኔ ስም ሳናወጣለት ሠርተነዋል ማለት ነው።

ያ የምንቀጠቅጠው ነገር የፈረንሳዊው የጆርዥ ሌክላንሼ ልጅ ነበር። ሌክላንሼ በ1866 ያወጣው ባትሪ ፈሳሽ ያለበት ማሰሮ ነበር፤ ጀርመናዊው ካርል ጋስነር በ1886 ፈሳሹን ወደ ሊጥ ለውጦ በዚንክ ቆርቆሮ አሸገውና በኪስ የሚያዝ አደረገው። ጥቁሩ ዱቄት የማንጋኒዝ ኦክሳይድና የከሰል ድብልቅ ነው። ዚንኩ ቶሎ ተበልቶ እንዳያልቅ ደግሞ ፋብሪካዎች ለብዙ ዘመን ጥቂት ሜርኩሪ ይጨምሩበት ነበር፤ አሜሪካ ይህን በሕግ የከለከለችው በ1996 ነው። መምህራችን ይህን አላወቁም። እኛም ሰሌዳ ቀብተን ስንጨርስ ጣታችንን በምራቅ አርሰን ደብተር እንገልጥ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ባትሪ ልምጣ። አማርኛችን የሚጻፍበትንም የሚቀልጠውንም «እርሳስ» ይለዋል። የሚጻፍበት ውስጥ ግን እርሳስ የለም፣ ግራፋይት ነው። ትክክለኛው እርሳስ ያለው በመኪናው ባትሪ ውስጥ ነው። ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ በ1859 ሁለት የእርሳስ ገበታ ጠቅልሎ አሲድ ውስጥ ነከረና እየተሞላ ደጋግሞ የሚሠራ ባትሪ አገኘ። ካሚል ፎር በ1881 እርሳሱን በእርሳስ ሊጥ ቀብቶ ጉልበቱን አበዛው። በ1912 ደግሞ ካዲላክ መኪናውን በኤሌክትሪክ ማስነሣት ሲጀምር ሾፌር ከማኖቬላ ተገላገለ፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ መኪና በበዛ ቁጥር እርሳስም አብሮ በዛ።

ሰፈራችን ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ስለነበር ባትሪ ሠሪ ጎረቤት ነበረን። ጋሼ ነበር የምንለው፤ ስሙን እዚህ ባላነሣው እመርጣለሁ። የዚያን ጊዜው ባትሪ ሣጥኑ ጥቁር ጠንካራ ጎማ ነው፤ አናቱ በሬንጅ የታሸገ፣ ሴሎቹ ከላይ በእርሳስ ድልድይ እርስ በርሳቸው የተያያዙ። ከስድስቱ ሴል አንዱ ሲሞት ጋሼ ሬንጁን በእሳት ያለሰልስና የሞተችውን ብቻ ነቅሎ ያወጣታል። በሌላ ይተካታል፣ ድልድዩን በጣሳ ካቀለጠው እርሳስ መልሶ ያፈሳል፣ አናቱን በሬንጅ ይደፍነዋል። ባለ መኪናው ሙሉ ባትሪ ሳይገዛ ወደ መንገዱ ይሄዳል። ዛሬ በየጉባኤው «ሲሠራ ጀምሮ ለመፍታት የታሰበ ዕቃ» እየተባለ እንደ አዲስ ግኝት የሚወራለት ነገር ያኔ ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ በመዶሻና በፒንሳ ይከናወን ነበር። ይህን ስል ግን ያለፈውን ለማሞገስ አይደለም፤ ቀጥሎ ያለውንም ስሙኝ።

ጋሼ ሆዱን ይቆርጠው ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ሲስቅ ድዱ ላይ ሰማያዊ የመሰለ መስመር ይታያል። በኋላ የቀኝ እጁ ከአንጓው ተንጠለጠለ፤ ስኒ እንኳ ቀና አድርጎ መያዝ አቃተው። ሰፈርተኛው ምች ነው አለ፤ የለም የሰው ዓይን ነው ያለም ነበር። የመረመረው ሐኪም ስላልነበረ እኔም ዛሬ ፍርድ መስጠት አልችልም። ነገር ግን ጎልምሼ ስለ እርሳስ መመረዝ ሳነብ ቁርጠቱም፣ መገርጣቱም፣ የእጁ መንጠልጠልም በተራ ተጽፎ አገኘሁት። የድዱን መስመር ሄንሪ በርተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የጻፈው በ1840 ነው። ፕላንቴ ባትሪውን ከመሥራቱ 19 ዓመት በፊት መሆኑ ነው እንግዲህ። በሽታው ከዕቃው ቀድሞ ይታወቅ ነበር። ጋሼ ዘንድ የደረሰው ግን ዕቃው ብቻ ነው።

እናቴ ደግሞ ባዶውን የባትሪ ሣጥን ከጋሼ ለምና አምጥታ ጤና አዳም ተከለችበት። ሣጥኑ አይበሰብስም፣ ስድስት ክፍል አለው፣ ለችግኝ የተሠራ ነው የሚመስለው። ስንት ዓመት ቡናችንን ከዚያ በተቀነጠበ ጤና አዳም ጠጣን!

የጋሼን ሙያ የገደለው በሽታው ብቻ አልነበረም። በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ግሎብ ዩኒየን የተባለው ኩባንያ ሣጥኑን ፖሊፕሮፕሊን ከሚባል ስስ ፕላስቲክ መሥራት ጀመረ፤ ዳይሃርድ የሚባለው ባትሪ በ1967 ገበያ ሲወጣ ሣጥኑ ይኸው ነበር። ክዳኑ በሙቀት ተጣብቋል፤ የሴሎቹ ድልድይ ወደ ውስጥ ገብቷል። ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ርካሽም ነው። አይፈታም እንጂ! አዲሱ ባትሪ እኛ ሰፈር ሲደርስ ለጋሼ የቀረለት ቻርጅ ማድረግና የባትሪ ውሃ መጨመር ብቻ ሆነ።

ታዲያ ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚገርመው። የሰው እጅ የማይፈታውን ይህን ባትሪ መኪና፣ ማሽን ማለቴ ነው፣ እንደ ጨዋታ በላው። ምክንያቱም ማሽኑ መፍታት አያስፈልገውም፤ ይፈጨዋል። በሀብታሞቹ አገር ያለው ፋብሪካ እንዲህ ይሠራል፦ ባትሪው እንዳለ በሚሽከረከር መዶሻ ውስጥ ይገባል፤ የተሰባበረው ሁሉ ወደ ውሃ ገንዳ ይወርዳል። ፕላስቲኩ ይንሳፈፋል፣ እርሳሱ ይሰጥማል። አሲዱ ለብቻው ተጠርቶ ኃይሉ ይመክናል። ፕላስቲኩ ታጥቦ ሌላ ሣጥን፣ እርሳሱ ቀልጦ ሌላ ባትሪ ይሆናል። ይህን ያስቻለው ደግሞ የባትሪው አንድ ዓይነትነት ነው። የየትኛውም አገር፣ የየትኛውም ፋብሪካ ይሁን፣ ውስጡ ያው እርሳስ፣ አሲድና ፕላስቲክ ነው። በአሜሪካ የባትሪ አምራቾች ከሞቱት የእርሳስ ባትሪዎች 99 በመቶው ተመልሶ ይሠራል ይላሉ። ከሰው ልጅ ዕቃ ሁሉ እንዲህ ተሟልቶ የሚመለስ ብዙ የለም።

ይህን ሲሰማ ሰው «እንግዲያውስ ማሽኑ ይምጣልን» ይላል። እኔም ብዬ ነበር። ግን ማሽኑ ያለበትም አገር ቢሆን ንጹሕ አልነበረም። በካሊፎርኒያ ቬርነን ከተማ የነበረው ማቅለጫ በ2015 ሲዘጋ በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ ግቢ በእርሳስ ተበክሎ ተገኘ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች አፈር እየተዛቀ መተካት ነበረበት። ማሽኑ በሌለበትስ? በሴኔጋል፣ ከዳካር ወጣ ብላ ያለች ቲያሮይ ሱር ሜር የምትባል ሠፈር ሰዎች ለዓመታት የመኪና ባትሪ በመጥረቢያ ሲፈልጡባት ኖረዋል። የእርሳስ ዋጋ ሲሰቀል አፈሩን ራሱን የሚገዛ ነጋዴ መጣ። ሴቶች አፈሩን በወንፊት እየነፉ፣ በጆንያ እየሞሉ ቤታቸው አስቀመጡት፤ ልጆቻቸውን አዝለው ነበር የሚነፉት። ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 በነበሩት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። በጎረቤታችን በኬንያ፣ ሞምባሳ አጠገብ ባለችው ኦዊኖ ኡሁሩ፣ ከመንደሩ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ የቆመ ማቅለጫ ነበር። ፊሊስ ኦሚዶ እዚያው ፋብሪካ ተቀጥራ ስትሠራ የሚጠባ ልጇ በእርሳስ ተመርዞ ታመመባት። ሥራውን ትታ ታገለች፤ ማቅለጫው በ2014 ተዘጋ፣ እሷም በ2015 የጎልድማንን የአካባቢ ሽልማት ተቀበለች። በ2020 ፍርድ ቤት ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ ፈረደ። ከፍርዱ በኋላም ይግባኙ ለዓመታት ቀጥሏል።

ዩኒሴፍ በ2020 ባወጣው ጥናት ከዓለም ሕፃናት ሦስት አንዱ፣ እስከ 800 ሚሊዮን የሚሆኑት ማለት ነው፣ በደማቸው ውስጥ እርምጃ የሚያስፈልገው የእርሳስ መጠን አለ ይላል። ዋና ከሚባሉት ምንጮች አንዱ በየጓሮው የሚሰበረው ባትሪ ነው። እንግዲህ ይኼ «በጣም የተሳካለት» የሚባለው ነው። ያልተሳካለቱን ከዚህ ገምቱት።

ያልተሳካለቱ ሊትየም ነው። የልደቱ ታሪክ አጭር ነው፤ በ1970ዎቹ ስታንሊ ዊቲንግሃም ጀመረው፣ በ1980 ጆን ጉድኢናፍ ኮባልት አገባበት፣ በ1985 አኪራ ዮሺኖ ለገበያ እንዲሆን አድርጎ አሰናዳው፣ በ1991 ሶኒ ሸጠው። ሦስቱ ሰዎች በ2019 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ፤ ጉድኢናፍ ያኔ 97 ዓመታቸው ነበር። ስለ መግጠም የተሰጠ ሽልማት ነው። ስለ መፍታት የተሸለመ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ችግሩ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ይህ ባትሪ እንደ እርሳሱ በግዴለሽነት አይፈጭም። ውስጡ ኃይል ቀርቶ ከተወጋ ወይም ከተጨፈለቀ በራሱ ይግላል፣ ይቃጠላል። በጥቅምት 2024 አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ ፍሬደሪክታውን በምትባል ከተማ የነበረ የሊትየም ባትሪ ማዕከል በእሳት ተያይዟል፤ ፋብሪካው የቆመው ባትሪ መልሶ ለመጠቀም ነበር። ሁለተኛ፣ እንደ እርሳሱ አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያው ኒሳን ሊፍ ባትሪ 48 ጥቅል ውስጥ 192 ስስ ሴሎች ነበሩት። የቴስላው ሞዴል ኤስ ባለ 85 ኪሎዋት ሰዓቱ ከእጅ ባትሪ ድንጋይ የማይተልቁ 7,104 ሴሎችን በ16 ጥቅል ይዟል። የቢዋይዲው ደግሞ እንደ ሰይፍ የረዘሙ ሴሎች የተደረደሩበት ነው። አንዱ በብሎን ታስሯል፣ አንዱ ተበይዷል፣ አንዱ በማስቲሽ ተለጥፏል። የማስቲሹን ነገር አታንሡብኝ! ገጣሚው ፋብሪካ በማስቲሽ ደቂቃ ይቆጥባል፤ ፈቺው ከስምንት ዓመት በኋላ በዚያ ማስቲሽ ቀኑን ይከስራል። ሁለቱ ሰዎች ስለማይተዋወቁ ሒሳቡን የሚያወራርድላቸው የለም።

ሦስተኛው ነገር 400 ቮልት ነው። የመኪና ሞተር ሲጠፋ ጠፋ ነው፤ ይህ ባትሪ ግን «ጠፍቻለሁ» ብሎ አያውቅም። ስለዚህ ሰዎቹ ሮቦት ይፍታው አሉ። ሮቦት ፋብሪካ ከገባ ቆይቷል፤ የመጀመሪያው በ1961 ኒው ጀርሲ በሚገኘው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ትኩስ ብረት እያነሣ ማስቀመጥ ጀምሯል። ከዚያ ወዲህ ሮቦት ሲገጥም ኖረ። መፍታት ግን ሌላ ሙያ ሆኖ ተገኘ። ለገጣሚ ሮቦት የሚቀርብለት ዕቃ ሁሉ አዲስ ነው፣ አንዱ ከሌላው አይለይም፣ ቦታው በፀጉር ስፋት ይታወቃል። ለፈቺው የሚመጣለት ግን ኑሮ ያየ ዕቃ ነው። ጭቃ ይዟል፣ ብሎኑ ዝጓል፣ አንደኛው ጋራዥ ኦሪጅናሉን ጥሎ ሌላ ብሎን አስገብቶበታል፣ ጥጉ ተጋጭቶ ታጥፏል። ሰው ይህን ሲያይ በካቻቢቴ ይሞክራል፣ እምቢ ሲለው ቀለል አድርጎ በመዶሻ ነካ ያደርገዋል፣ ድምፁን ሰምቶ ይረዳዋል። ለሮቦት «ነካ አድርገው» የሚባለውን ማስተማር ነው ያስቸገረው።

አፕል በ2016 ሊያም ያለውን የሮቦቶች ሰልፍ አሳየን፤ 29 ነበሩ፤ የሚያውቁት ግን አይፎን 6ን ብቻ ነው። ሌላ ስልክ ቢመጣላቸው እንደ እንግዳ ቋንቋ ነው። በ2018 ዴዚ ተተካች፤ እሷ ዘጠኝ ዓይነት ስልክ ታውቃለች፣ በሰዓት 200 ትፈታለች። ማስቲሹን እንዴት አሸነፈችው? ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር ትነፋበትና ማስቲሹ ሲደርቅ ባትሪው ይለቃል። ልብ በሉ፣ አፕል የፈታው ራሱ የገጠመውን ነው፤ ንድፉ በእጁ ነበር። የመኪናው ከዚህ ይብሳል። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ በ2021 የመኪና ባትሪ የሚፈታ ሮቦት አሳየ፤ ሰው በእጁ 12 በሚፈታበት ጊዜ ማሽን 100 እና ከዚያ በላይ ሊፈታ ይችላል ብለዋል ተመራማሪዎቹ። በዚያው ዓመት ፎልክስቫገን ዛልትስጊተር በተባለችው የጀርመን ከተማ በዓመት 3,600 ባትሪ የሚይዝ መሞከሪያ ፋብሪካ ከፈተ። እዚያ ባትሪው መጀመሪያ ኃይሉ ተሟጥጦ ይወጣል፣ ከዚያ ይፈታል፣ ጥቅሎቹ ይፈጫሉ፣ ይደርቃሉ፣ ይነፋሉ። በመጨረሻ የሚገኘው ውድ ነገር ኮባልት፣ ኒኬል፣ ማንጋኒዝ፣ ሊትየምና ግራፋይት የተደባለቁበት ጥቁር ዱቄት ነው። ፎቶውን ሳየው መምህራችን ትዝ አሉኝ።

ገንዘቡስ? እንግዲህ ሁሉም እዚያ ላይ ነው የሚወድቀው። ፈቺዎቹ የሚኖሩት በኮባልትና በኒኬል ዋጋ ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ የቻይና መኪኖች የሚይዙት ባትሪ ደግሞ ብረትና ፎስፌት ነው፤ ኮባልትም ኒኬልም የለበትም። ለገዢው ርካሽ ነው፣ ለእሳትም ቶሎ አይበገርም፤ ለፈቺው ግን ጉልበት የማይከፍል ዕቃ ነው። ሊ ሳይክል የተባለው የካናዳ ኩባንያ ኒው ዮርክ፣ ሮቸስተር ውስጥ ትልቅ ፋብሪካ ጀምሮ ወጪው ሲያሻቅብ በ2023 ሥራውን አቆመ፤ በ2025 የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ። ስለዚህ አውሮፓውያኑ ነገሩን ለገበያ ብቻ አልተውትም። በ2023 ባወጡት የባትሪ ሕግ ከየካቲት 2027 ጀምሮ የመኪና ባትሪ ሁሉ ውስጡ ምን እንዳለና እንዴት እንደሚፈታ የሚናገር «ፓስፖርት» ይኖረዋል፤ ከነሐሴ 2031 ጀምሮ ደግሞ አዲስ ባትሪ ውስጥ ካለው ኮባልት 16 በመቶው፣ ከሊትየሙና ከኒኬሉ 6 በመቶው ከአሮጌ የተመለሰ መሆን አለበት። ቻይናም በ2018 ባወጣችው መመሪያ ባትሪውን የመሰብሰብ ዕዳ በመኪና ሠሪው ላይ ጥላለች።

ግን ዕዳው የሚሠራው መኪናው እዚያው ከሆነ ነው። መርከብ ተሳፍሮ ጂቡቲ ከወረደ በኋላ ማን ያስታውሰዋል?

እኛ በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ከእንግዲህ አይገባም ብለን አወጅን። እንዲህ ያለውን በማድረግ ከዓለም ቀዳሚ ነን። ውሳኔውን አልነቅፍም፤ ነዳጁን በዶላር እየገዛን፣ መብራቱን ከወንዛችን እያገኘን ሌላ ማለት ይከብዳል። መንግሥት አሁን ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ መኪና በመንገዳችን ላይ እንዳለ ተናግሯል። የአንዱን ባትሪ በ400 ኪሎ ብንይዘው 40 ሺህ ቶን ይሆናል። የአደገኛ ቆሻሻን አያያዝ የሚመለከት አዋጅ አለን፤ ቁጥሩ 1090/2010 ነው። አደገኛ ቆሻሻን ድንበር ማሻገርን የሚገዛውን የባዝል ስምምነትም በ2000 እ.ኤ.አ. ተቀብለናል፤ ይህም ማለት የሞተውን ባትሪ ጭነን ወደ መጣበት ልመልስህ ብንልም ወረቀቱ ብዙ ነው። የእህቴ ልጅ ከነጋዴ በገዛው መኪና ግን ከነጋዴው እጅ የተቀበለው ቁልፍና ቻርጀር ነው። ባትሪው እንዴት እንደሚከፈት የሚናገር አንድ ገጽ እንኳ አልተሰጠውም።

ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው የኛ ሰው ለመፍታት እጅ እንደማያንሰው ያውቃል። ጎማው ጫማ፣ በርሜሉ ምጣድ፣ ጣሳው ኩራዝ ሲሆን ያየንበት ቦታ ነው። ይህንንም ባትሪ ይፈቱታል፤ ማንም አይከለክላቸውም፣ ማንም አያስተምራቸውም። ከመኪና የወጣ ባትሪ ገና ብዙ ጉልበት ይቀረዋል፤ አምስተርዳም ውስጥ በ2018 የዮሃን ክራይፍ ስታዲየም 148 የኒሳን ሊፍ ባትሪዎችን አሰልፎ መብራት ማጠራቀሚያ አድርጓቸዋል፤ ከእነሱም ከፊሎቹ በመኪና ያገለገሉ ነበሩ። እኛም ዘንድ አንድ ብልህ ልጅ ጥሩ ጥሩዎቹን ሴሎች መርጦ ለገጠር ቤት የሶላር ማጠራቀሚያ ቢያደርጋቸው አይገርመኝም፤ እንዲያውም ጀምረውት ይሆናል። የሚያስፈራኝ የዚያ ልጅ ጓንት ነው። ሮቦቱ ሚሊዮኖች ዶላር ያወጣል፣ ይምጣ ብል ተረት ይሆንብኛል። ጓንት ግን፣ ኃይል ማሟጠጫ መሣሪያ ግን፣ «ይህን ሽቦ አስቀድመህ ቁረጥ» የሚል አንድ ገጽ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ግን ከአስመጪው መጠየቅ ይቻላል፤ መኪናው ከመግባቱ በፊት፣ ጉምሩክ ላይ። ከገባ በኋላ ማን ማንን ይጠይቃል?

ባለፈው ፋሲካ የእናቴን ቤት ላይ ሄድኩ። ጋሼ ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ሱቁ ዛሬ የሞባይል መሸጫ ነው። ጤና አዳሙ ደርቋል። ሣጥኑ ግን ከጓሮ ግድግዳው ሥር እንዳለ አለ፤ ጥቁር፣ ስድስት ክፍል፣ አፈሩ ሳይቀር። ቆራሌው ሲያልፍ ጠራሁትና አሳየሁት። በእግሩ ገፋ አድርጎ አየውና «ይሄ ጎማ ነው አባባ፣ እርሳሱ ከወጣ ቆይቷል። አንወስደውም» አለኝ።

አፈሩን የት ልድፋው ብዬ ግቢውን ዞርኩ። በአንድ በኩል ጉድጓዱ አለ፤ በሌላ በኩል የእህቴ ጎመን። ሣጥኑን መልሼ እዚያው አስቀመጥኩት።